አሽትተው ባዶ ነው ላሉት ሲሊንደር የቀረበ አቤቱታ

ይድረስ ለክቡር የማቀዝቀዣ ጋዞች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከራስዎ በላይ የሚንጠባጠበው የቢሮዎ ኤር ኮንዲሽነርና ከሥሩ የተቀመጠችው ባልዲ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ስለ እርስዎ ጤና ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለኝ እጅግ ደህና ነኝ። ሥራ ያጣሁትም በመሥሪያ ቤትዎ ቸርነት ስለሆነ ምስጋናዬን ገና ከመግቢያው ባስቀድም ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ። በነገራችን ላይ ከኤር ኮንዲሽነሩ የሚንጠባጠበው ጋዝ አይደለም፤ ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው። የማፍሰሻ ቱቦዋ ተደፍናለች፤ በቀጭን ሽቦ ትከፈታለች። ይህን ምክር ያለ ፈቃድ ስለሰጠሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ በፀጉር አስተካካዩና በሥጋ ቤቱ መካከል በተሸጎጠችው የፍሪጅ መጠገኛ ውስጥ የምገኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነኝ፣ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ትምህርቱ ነው እኔን ያቆመኝ የሚሉም አሉ። የጽሑፌ ስሕተት ዓይንዎን ከወጋው ሰባተኛ ክፍልን ይውቀሱ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተቆጣጣሪዎ ከሱቃችን የወሰዱትን ሰማያዊ ሲሊንደር፣ የፊታችን ሐሙስ በመጭመቂያ ማሽን ከመጨፍለቁ በፊት መልሱልኝ። ጋዙን መልሱ አላልኩም። ጋዙ ሄዷል፤ የት እንደሄደም ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። የምፈልገው ቆርቆሮውን ነው፤ ከቆርቆሮውም ጎኑ ላይ የተለጠፈውን የወረቀት ፕላስተር፤ ከፕላስተሩም የመጨረሻዋን መስመር። መስመሯን የጻፈው አጎቴ ነው። አጎቴ ከሞተ አምስት ወር ሆኖታል። መስመሯን ግን ገና አላነበብኳትም።

የተከበረ ጊዜዎን በወሬ እንዳላባክን ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ፣ ጥፋቱ ከእኔ እንደጀመረ አልክድም። ሰፈሩ አጎቴን «ውርጩ» ነበር የሚለው፤ ለሰላሳ ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን ጣቶቹ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ስለቀሩ ነው። ውርጩ ከሞተ በኋላ ሱቁ ጭር አለ። ደንበኛ ይመጣና «ጋሼ የሉም?» ይለኛል፤ የሉም እላለሁ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ያየኛል፤ «እንግዲህ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። እስከ ዛሬ የተመለሰ የለም። በዚህ መሃል አንድ ቀን፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳላወራ ስለዋልኩ፣ አንድ ካርቶን ቀድጄ «ጥርት ያለ ብርድ በኪሎ አለን፤ ግማሽ ኪሎ የሚፈልግ ዕቃ ይዞ ይምጣ» ብዬ በር ላይ ሰቀልኩ። ሰው ገብቶ እንዲስቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አንብቦ «ይሄ ልጅ ለየለት» ብሎ አለፈ። አንዲት እናት ግን ክዳን ያላት ሳህን ይዘው መጡ። ለራስ ምታት ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማይሆን ነገርኳቸው፤ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ምራታቸው፣ ምራታቸው ስለምታቃጥለው ወጥ እየነገሩኝ እስከ ማታ ተቀመጡ። ሲወጡ «ብርዱ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ። ነገ ይመለሱ አልኳቸው። በአምስት ወር ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረኝም።

በማግስቱ የመጡት ግን እናታችን ሳይሆኑ ተቆጣጣሪዎ ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ «ያለ ፈቃድ ብርድ በኪሎ እየሸጠ ነው» የሚል ጥቆማ ደርሶት በዚያው ቀን ሰው መላኩን ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። የመንገዳችን መብራት ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ለቀልዴ ግን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መልስ አገኘሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ፣ ተቆጣጣሪዎ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ሚዛን አለ ብላቸው «አያስፈልግም» አሉ፤ ተንበርክከው፣ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ፣ አፍንጫቸውን ወደ ሲሊንደሩ አፍ አስጠግተው ሦስት ጊዜ በረጅሙ ሳቡ። ከዚያ ተነሥተው ቅጹ ላይ «ተሽትቷል፤ ጋዝ የለውም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «ያለ ፈቃድ ጋዝ ይዞ በመገኘቱ ተወርሷል» ብለው ጨመሩ። እኔ እንግዲህ የሌለ ጋዝ ይዤ የተገኘሁ የመጀመሪያው ሰው ነኝ ማለት ነው። ለዚህ ክብር ስላበቁኝ ምን ብዬ ላመስግን?

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ ባልጠራጠርም፣ ለተቆጣጣሪዎ ይጠቅም እንደሆነ አጎቴ ያስተማረኝን ላስፍር። ይህ «አንድ ሠላሳ አራት» የምንለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታውም የለም በሚባል ደረጃ ነው። በአፍንጫ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። አይነድም። ከአየር ይከብዳል፤ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከፈሰሰ ወለል ወለሉን ይዞ ይተኛና አየሩን ገፍቶ ሰው ያፍናል። ስለዚህ አንድ ሰው ተንበርክኮ በረጅሙ ሲስበው ቫልቩ የተዘጋ መሆኑ ለተቆጣጣሪዎ ትልቅ ዕድል ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ታምቆ እንደ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከፍ አድርጎ የነቀነቀ ሰው ሲንቦጫቦጭ ይሰማዋል። ውኃ በመቶ ዲግሪ ሲፈላ እሱ ከዜሮ በታች በሃያ ስድስት ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ካፖርት በምንፈልግበት ብርድ እሱ ተንተክትኮ ይተናል ማለት ነው። ሲተን ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን ሙቀት ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅ የሚባለው ሌላ ተአምር የለውም፤ ከወተቱ ሙቀት ሰርቆ በጀርባ በኩል ወጥቶ የሚደፋ፣ ኮምፕሬሰር የሚባል ሞተር እየገፋ የሚያመላልሰው ሌባ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ይህን ስላልነገሩኝ ነው የወደቅኩት።

አንድ ጊዜ ይህን ሌባ ጋዝ አውራ ጣቴ ላይ ረጭቼ ባለ ሥጋ ቤቱን «ጣቴ ሞተ» ብዬ ላስደነግጥ አስቤ ነበር። ጣቴ የምር ነጭ ሆነ፤ ቆዳው ተላጠ። አጎቴ ያን ቀን በጥፊ መታኝና ማታ እስክተኛ ድረስ ጣቴን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሞቅልኝ አመሸ። በነዚያ በረዶ እጆቹ። ምልክቱ አሁንም አለ።

3ኛ፣ «ጋዝ የለውም» የሚለው ሪፖርት እርስዎ ዘንድ ሲደርስ አንድ ብልህ ሰው «ይረጋገጥ» የሚል ማስታወሻ እንደጻፈበት ሰምቻለሁ። ማረጋገጫውም ሲሊንደሩን ግቢ ውስጥ አቁሞ ቫልቩን መክፈት ነበር። ይህን የነገሩኝ የግቢዎ ዘበኛ ናቸው፤ ሲሊንደሩ ረፋዱን ሙሉ ሽሽሽ ሲል እንደዋለ፣ ወገቡ ድረስ ነጭ በረዶ እንደለበሰ፣ እሳቸውም የሚጠጡትን ውኃ ላዩ ላይ አስቀምጠው እንዳቀዘቀዙ አጫውተውኛል። ቢያንስ አንድ ሰው ተጠቅሟል። ምሳ ሰዓት ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ተቆጣጣሪዎ መጥተው ነቀነቁት፤ ባዶ ነው። ሪፖርቱ እውነት ሆነ። ስሕተትን በማረም ፈንታ ዓለምን ከስሕተቱ ጋር የሚያስተካክል መሥሪያ ቤት በቅርቤ መኖሩ ያኮራኛል።

ይህ ሁሉ የሆነው «አየራችንን እንጠብቅ» ከሚለው የበራችሁ ትልቅ ጨርቅ ሥር ነው። ክቡር ሆይ፣ የድሮው ጋዝ ሰማይ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን ኦዞን ይበላ ነበር። ይሄኛው የመጣው እሱን ለመተካት ነው፤ ክሎሪን ስለሌለበት ኦዞኑን አይነካም። አመሉ ሌላ ነው፦ ከእስሩ ከወጣ አየሩ ላይ ተቀምጦ የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ያፍናል፤ ኪሎ ለኪሎ ቢመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ እጥፍ ይበልጣል። አጎቴ በሰላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ትንፋሽ ጋዝ ወደ ሜዳ ለቅቆ አያውቅም። የሞተ ፍሪጅ ሲመጣለት እንኳን በመምጠጫ ማሽን እየሳበ ወደ ሌላ ሲሊንደር ይመልሰው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ እኔ እያዛጋሁ እጠብቃለሁ። በመጨረሻው ልኬት ሲሊንደሩ ውስጥ ስድስት ኪሎ ቀርቶ ነበር። እናንተ በአንድ ረፋድ ወደ ስምንት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት አፋኝ ለቀቃችሁ። እኔ ፍሪጅ ልሞላበት ስላልተፈቀደልኝ ነው። በሕጉ አልሳለቅም፤ ሕጉ ልክ ነው፤ ጋሼም ፈቃድ አውጥቶ ያከብረው ነበር። የገረመኝ ሕጉ አፍንጫ ብቻ ተሰጥቶት ሚዛን መከልከሉ ነው።

ይህ ጋዝ አየር ላይ አሥራ አራት ዓመት ያህል ይቆያል ይላሉ። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የአጎቴ የመጨረሻ ጋዝ ገና ከራሴ በላይ አለ ማለት ነው። አንዳንዴ ቀና ብዬ አያለሁ። ቀለም ስለሌለው አይታይም።

4ኛ፣ አሁን ወደ ፕላስተሩ ልምጣ፤ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት እንኳን ይህችን እባክዎ ያንብቡልኝ።

ፍሪጅ በግምት አይሞላም፤ በግራም ነው የሚሞላው። ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከመሙላት በፊት ይመዘናል፤ ከሞሉ በኋላ ይመዘናል፤ ልዩነቱ ይጻፋል። አጎቴ ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ታች የወረቀት ፕላስተር ይለጥፍና በእርሳስ ይጽፍበት ነበር። እስክሪብቶ በረዶው ሲቀልጥ ይጨማለቃል፤ እርሳስ ግን ውኃ አያጠፋውም። ይህ ለእኔ አሁን ትልቅ ነገር ነው፤ ዘበኛዎ በረዶ ለበሰ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እርሳስነቱን ነበር።

በመጨረሻው ዓመት የአጎቴ ደረት ከፋ። ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛውን በትንፋሽ ማጣት ይውጠዋል። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘለት። በዚያች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ መድኃኒቱን ገፍቶ ወደ ሳንባ የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ያው ጋዝ ነው፤ የኛው አንድ ሠላሳ አራት፣ ለሕክምና ተብሎ የጠራ። ፋርማሲስቷ ስትነግረው ሳቁ ሳል ሆኖ ሊገድለው ነበር። ይህ ጋዝ የማይገባበት የለም፤ የቤት ፍሪጅ፣ የእርስዎ መኪና፣ የትልቅ ሕንፃ ማቀዝቀዣ፣ የግድግዳ መሸፈኛ ስፖንጅ የሚነፋበት ፋብሪካ። «እኔና የሥጋ ቤቱ ፍሪጅ በአንድ ጋዝ ነው የምንኖረው» እያለ ሰው ሁሉ ላይ ይቀልድ ነበር። መቀለድን ከእሱ ነው የወረስኩት፤ ሌላ ውርስ የለኝም።

መናገር ሲደክመው የሚነግረኝን ፕላስተሩ ላይ ከልኬቱ አጠገብ መጻፍ ጀመረ። እኔም መለስኩለት። እንዲህ ነበር፦

«ለሥጋ ቤቱ 180 ግራም። ቫልቩን አጥብቀህ ዝጋ፣ አህያ።»

«አህያ እጅ የለውም ጋሼ። አንተው ዝጋው።»

«አፍ ግን እግዜር ሰጥቶታል።»

«አንተም ዛሬ የመጣችው ደንበኛ ላይ ስቀሃል፤ እኔን ብቻ ትቆጣለህ።»

«እኔ ሳልኩ እንጂ አልሳቅኩም። ለፀጉር አስተካካዩ 120 ግራም።»

ደንብ ነበረን። የጻፈው ሰው ሲሊንደሩን አዙሮ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ ያደርጋል። ሌላው ጋዝ ሳይቀዳ በፊት ማዞርና ማንበብ አለበት። ሳያነብ የቀዳ ወለሉን ይጠርጋል። ጋሼ እኔ ሳልኖር ሾልኮ ጽፎ አዙሮት ወንበሩ ላይ ጭጭ ብሎ ሲቀመጥ የስድሳ አራት ዓመት ሰው አይመስልም ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሦስት ጊዜ አህያ ብሎኝ ስለነበር እኔ እሱን ለማብሸቅ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አንተ ከሌለህ ማን አህያ ይለኛል?» ለቀልድ ነው። አዞርኩት። በማግስቱ ጠዋት ኮምፕሬሰር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ጋሼ ወንበሩ ላይ የለም፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ደግፎ ሐኪም ቤት ወስዶታል። ሲሊንደሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው። እርሳሱ ግን ያስቀመጥኩበት ቦታ አልነበረም፤ ወንበሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። መልሷል። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለምን አላዞርኩትም? ተቆጣጣሪዎ ባይጠይቁኝም እርስዎ ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ያላነበብኩት መስመር እስካለ ድረስ ጋሼ ነገሩን አልጨረሰም። ካነበብኩት ግን በቃ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይለኝም። ተቆጣጣሪዎ እስኪወስዱት ድረስ በየጠዋቱ አቧራውን በጨርቅ ጠረግኩለት እንጂ አላዞርኩትም። ደንባችን ሳያነቡ መቅዳት ስለሚከለክል አንድ ግራም አልቀዳሁበትም፤ ደንበኛ ሲመጣ ጋዝ አልቋል እላለሁ። አያችሁ? እኔም ሳላሸትተው ባዶ ነው ስል ነበር። በዚህስ ከተቆጣጣሪዎ ጋር ጓደኛሞች ነን።

እሳቸው ሲሸከሙት ጽሑፉ ያለበትን ጎን ወደ ሆዳቸው አድርገው ነው የወጡት። እስከ መንገዱ ጥግ ተከተልኳቸው። ሆዳቸው ሰፊ ነው።

5ኛ፣ ሲሊንደር ለማስመለስ ፈቃድ ያስፈልጋል ስለተባልኩ የፈቃድ ቅጹን በትሕትና ሞላሁ። «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ላይ «በመጠኑ» አልኩ። «የሥራ ልምድ» ላይ ስምንት ዓመት፣ «ምስክር» ላይ «ሞቷል» አልኩ። «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ብዙ ቆየሁ። እናቴን አላውቃትም፤ አባቴ ቢጠራም አይመጣም፤ ባለ ሥጋ ቤቱን እንዳልጽፍ አንድ ጊዜ በሥጋ ሚዛኑ ስለቀለድኩ አኩርፎኛል። ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። ስለዚህ የእርስዎን ማዕረግና የቢሮ ስልክ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በቀይ አስምረውበት መለሱልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ የተከበሩ ኃላፊ ዘመድህ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም እትዬ፣ ግን ስልካቸውን የማውቀው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ከዚያ ቅጹ በቀልድ ስለተሞላ ውድቅ መሆኑን ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቅጽ ላይ ቀልድ ያልሆነችው እሷ መስመር ብቻ ነበረች።

6ኛ፣ የተሰጠኝ የርክክብ ወረቀት ዕቃውን ሲገልጽ «አንድ ሰማያዊ ሲሊንደር፣ በጎኑ ትርጉም የሌለው የእጅ ጽሑፍ ያለበት» ይላል። ትርጉም እንደሌለው ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የጋሼን የመጨረሻ ቃል ያነበበ አንድ ሰው አለ፤ እሱም እኔ አይደለሁም። ኮሪደራችሁ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ተቆጣጣሪዎን አገኘኋቸውና ምን እንደሚል ለመንኳቸው። ግንባራቸውን አሹ። «ኧረ እኔ እንጃ ወንድሜ፣ ስንት ሲሊንደር አያለሁ... አንድ የስድብ ነገር ነበረበት መሰለኝ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ፕላስተር ላይ ስድብ የሌለበት መስመር የለም! ቢሆንም እንዳሉኝ ተቀብዬ፣ ያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ እየሳቅኩ ሄድኩ። ሰዎች ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ መጭመቂያው ይመጣል። ባዶ ሲሊንደሮች ተጨፍልቀው ብረት ይሆናሉ፤ ደንብ ነው፤ ደግ ደንብ ነው። ቆርቆሮውን መመለስ ከከበዳችሁ ፕላስተሩን ልጣችሁ ስጡኝ። መላጥ ከከበዳችሁ የመጨረሻዋን መስመር በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ገልብጣችሁ ላኩልኝ፤ ማኅተም አያስፈልጋትም። እሱም ከከበደ አንድ ድምፁ ደህና የሆነ ሠራተኛ ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ጮክ ብሎ ያንብባት፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ከሌሎቹ ጋር ሳይነበብ መጨፍለቁ ብቻ ይቅርልኝ። እያልኩ ያለሁት ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአፍንጫዎቻችሁ ንቃት፣ አየሩን በመጠበቅ ረገድ ላሳያችሁት ወደር የሌለው ለጋስነት፣ እንዲሁም አንድን ተራ ፍሪጅ ጠጋኝ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን የሚያህል ደብዳቤ ጸሐፊ ስላደረጋችሁት ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ኤር ኮንዲሽነርዎ ይብረድ፤ ባልዲዎ አይሙላ፤ ልጆችዎ አጠገብዎ ይክረሙ።

በእልፍ አክብሮትና በአንድ ቀዝቃዛ አውራ ጣት፣

በአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጎ ያስመዘገብዎት፣
የፍሪጅ መጠገኛው አህያ

ማስታወሻ፦ (ከተለጠፈ በኋላ በእርሳስ የተጨመረ) ይህን ደብዳቤ ከበራችሁ ላይ፣ «አየራችንን እንጠብቅ» ከሚለው ጨርቅ ሥር ስለጥፍ ዘበኛዎ አዩኝ። ቀድደው ይጥሉታል ብዬ ስፈራ ማጣበቂያውን ያዙልኝ፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው በአጥሩ ክፍተት ግቢውን አሳዩኝ። አርባ የሚሆኑ ሲሊንደሮች ተደርድረዋል። የኛን ከሩቅ ለየሁት፤ በሰማያዊው ላይ የፕላስተሩ ጫፍ በጎን በኩል ብቅ ብሏል። ሰልፉን ያሳመረው ሠራተኛዎ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ሲሊንደሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ አቁሞታል። ዘበኛው ገብተው እንዲያዞሩልኝ ብለምናቸው የእርስዎ ፈቃድ ሳይኖር ዕቃ አልነካም አሉኝ። ስለዚህ ለማዞርም ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቅጹን እስከ ረቡዕ ይላኩልኝ። ተጠሪ የሚለው ቦታ ላይ ማንን እንደምጽፍ ያውቃሉ።